የቆየ 75 ላንድክሩዘር፦ ባሌስትራውን ማለስለስ ይቻላል?

ባለ_75
ሰላም ለቤቱ። መኪናው 75 ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ነው፤ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ ዝርግ ብረት)። ባሕር ዳር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ የተሳፋሪውን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ጢስ ዓባይ በኩል ከአስፋልት ወርዶ ጠጠር ሲገባ ደግሞ ኋላው እየነጠረ መስመር ይለቃል፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ። ጭነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰውና ሻንጣቸው ነው። መለዋወጫ ቤት «አራቱንም ሾክ ቀይር» ይላሉ። ሌላው ደግሞ የፊቱን እንደ አዲሶቹ ወደ ሞላ አስቀይረው አለኝ። ብሩ የቱ ላይ ቢውል ይሻላል? ጋሽ ሞርሳ ካሉ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሞርሳ
ሾኩን አሁን አትግዛ። ሾክ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ባሌስትራው ተጨምቆ ሲነጥር ማርገብ ነው። ባሌስትራው ራሱ አልተጣጠፍ ካለ ሾኩ የሚያረግበው ነገር የለም፤ የድንጋዩን ምት ሻንሲው እንዳለ ይቀበለዋል። ጠንካራ አዲስ ሾክ ሲጨመርበት እንዲያውም ይብሳል።

ወደ ሞላ የሚለውን እርሳው። ቶዮታ የዚህን ዘር ፊት ከባሌስትራ ወደ ሞላ የለወጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ 78 እና 79 የምንላቸው ናቸው። የለወጠው ግን ሞላውን ብቻ አይደለም። አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚይዙት ክንዶች፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ፣ ሻንሲው ላይ ያሉት መቀመጫዎች ሁሉ አብረው ተለውጠዋል። ባሌስትራ እነዚህን ሁሉ ሥራዎች ብቻውን ይሠራል። እሱን አንስቶ በብየዳ የተለጠፈ ነገር መተካት መሪ ያለበትን አክስል ለብየዳው አደራ መስጠት ነው።

ሦስት ነገር ለካና ንገረን። አንደኛ፣ የኋላው ባሌስትራ ስንት ፍሬ (ዝርግ ብረት) ነው? የእያንዳንዱን ውፍረት በካሊብሮ ለካ፤ በዓይን አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከአክስሉ በላይ ሻንሲው ላይ ያለው የምት መቀበያ ጎማ አለ ወይስ ተበልቷል? ካለ ከሱ እስከ አክስሉ ስንት ሚሊ ክፍተት አለ? ሦስተኛ፣ ጎማው ውስጥ ስንት አየር ነው ያለው?

ባለ_75
ለካሁ። ኋላ በየጎኑ 9 ፍሬ ነው። 7ቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ 7 ሚሊ። ከታች ያሉት 2ቱ ግን 10 ሚሊ ናቸው፣ ቀለማቸውም ይለያል። የምት መቀበያው ጎማ አለ፣ ክፍተቱ 120 ሚሊ። አየሩ አራቱም 50 ፒኤስአይ ነው፤ ጎማው 7.50 በ16፣ ባለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ ያለው)።

ሞርሳ
በሽታው ተገኘ። ሁለቱ ወፍራሞች ሲሠራ የነበሩ አይደሉም፣ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። መኪናው ከአንተ በፊት ከባድ ጭነት ያመላልስ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው፦ የባሌስትራ ጥንካሬ በፍሬው ብዛት ልክ ይጨምራል፣ በውፍረቱ ግን በሦስተኛ ኃይል ይጨምራል። 10ን ለ7 አካፍለህ ውጤቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛው፤ 2.9 ይመጣል። አንዱ ባለ 10 ሚሊ ብረት እንደ ሦስት ባለ 7 ሚሊ ይገትራል ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ወደ 6 ፍሬ ይጠጋሉ። በወረቀት 9 ፍሬ የሆነው ባሌስትራ በሥራ 13 ፍሬ ሆኗል። የታችኞቹ አጫጭር ስለሆኑ ሒሳቡ ግምት ነው፣ ግን ከእውነቱ አይርቅም። ሰው ብቻ ለሚጭን መኪና ይህ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን አውጣ። ቀጥሎ ሰባቱን ፈተህ አጽዳ። ከዚያ ጎሚኒ (የባሌስትራው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ላስቲክ) እና ፒን። ሾክ መጨረሻ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ባሌስትራው ሲለሰልስ የመኪናው ቁመት ይወርዳል፤ የሾኩ ርዝመት የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎሚስታው
ጋሽ ሞርሳ ያሉት እንዳለ ሆኖ አየሩን ዛሬውኑ አስተካክል፣ ምንም ወጪ የለውም። 50 ለሙሉ ጭነት ነው። በዚህ ጭነት አስፋልት ላይ ከፊት 36፣ ከኋላ 38 ይበቃል። ጠጠር ላይ ረጅም ሰዓት የምትሄድ ከሆነ ከፊት 28፣ ከኋላ 30 አድርገው፤ አስፋልት ስትመለስ ግን ሙላው፣ ባነሰ አየር ፍጥነት ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ከ25 በታች አትውረድ። ባለ ካላማዳሪ ስለሆነ አየሩ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፣ ካላማዳሪውን ይዞት ይሄድና ቫልቩን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

የአየር መለኪያ የራስህን ያዝ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካ፤ ከጉዞ በኋላ ብትለካ ከእውነቱ በላይ ያነብልሃል። ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ ደግሞ ቀለበቱን ለማላቀቅ ሲነካካ አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ሳታረጋግጥ ፊት ለፊት አትቁም።

ወረታ_ጫኝ
እኔ አልስማማም። ዛሬ ሰው ይጭናል፣ ነገ ከፎገራ ሩዝ ጫን ይባላል። 8 ኩንታል ስትጭንበት በ7 ፍሬ የምት መቀበያው ጎማ ላይ ይቀመጣል። የተጨመረው በምክንያት ነው የተጨመረው።

ሞርሳ
ወረታ፣ ያነሳኸው ትክክለኛ ነገር ነው። 8 ኩንታል 800 ኪሎ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን መፍትሔው ባዶውንም ሙሉውንም እኩል ማጠንከር አይደለም። አሁን ያሉት ሁለት ወፍራሞች ጎብጠው ከላይኛው ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጣብቀው ነው የተገጠሙት፤ ባዶም ሲሄድ ይሠራሉ። ጭነት ሲመጣ ብቻ እንዲሠራ ከተፈለገ አንድ ብቻ ይቅር፣ እሱም ቀጥ ያለ፣ ጉብጠት የሌለው ይሁን፣ ከሁሉም በታች ይግባ። መኪናው ባዶ ሲሆን ጫፎቹ ከላይኛው ፍሬ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ይራቁ። ሸክም ሲመጣ ላይኞቹ ተዘርግተው ይደርሱበታል፣ ያኔ ያግዛል። ባለ 75 ግን ሩዝ አይጭንም፤ የሚጭን ካልሆነ ሁለቱም ይውጡ።

ባዶ ሲሆን እንዲለሰልስ ተብሎ ወፍራሙን ብረት በፍም አግሎ መቀጥቀጥ ግን አይሞከር። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ተግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ተሙቆ ነው። በምድጃ ቀልቶ በአየር ከቀዘቀዘ ወይ በአንድ ወር ይተኛል፣ ወይ ይሰበራል። ብየዳም እንደዚሁ፤ የተበየደ ባሌስትራ ከብየዳው አጠገብ ይቆረጣል።

ባለ_75
ጭነት የለም፣ ሁለቱም ይውጡ። አወጣጡን በቅደም ተከተል ይጻፉልኝ፤ ከጋራዡ ጋር ቆሜ ላሠራው ነው።

ሞርሳ
እሺ። ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ከተቻለ ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን ይሥሩ። አንዱን ጎን ብቻ ለውጦ መንዳት መኪናውን ያጋድለዋል።

ከሁለት ቀን በፊት ብሎኖቹን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ናፍጣ ወይም ዝገት ፈቺ እየረጨህ አሳድራቸው። በሥራው ቀን የፊቱን ጎማዎች በድንጋይ አግዳቸው፣ ሻንሲውን በክሪክ አንስተህ ከባሌስትራው የፊት መያዣ ቀደም ብሎ በብረት መቆሚያ አስቀምጠው። ክሪክ ብቻውን የሰው ሕይወት አይታመንበትም። ሌላ ክሪክ አክስሉ ሥር አድርግ፣ ክብደቱን ልክ እንዲይዝ ብቻ። የፍሬን ጎማ ቱቦውን ተመልከት፤ አክስሉ ሲወርድ ቱቦው መወጠር የለበትም።

ሾኩን ከታች ፍታ። ከዚያ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች አራቱን ዳዶ ፍታ። ዩ ቦልቱን መልሰህ አትግጠም፤ አንዴ ተወጥሮ የቆየ ጥርስ ሁለተኛ ጊዜ ልኩን አይዝም። አዲሱ ርዝመት ከሁለቱ ወፍራም ፍሬዎች ውጭ መለካት አለበት፣ ያለበለዚያ 20 ሚሊ ይረዝምና ጥርሱ ያልቃል። ቀጥሎ የኋላ ማንጠልጠያውን ሻክልና የፊቱን ፒን ፍታ። ባሌስትራው ከባድ ነው፣ ለሁለት ያዙት።

ከወጣ በኋላ ዋናው ጥንቃቄ ይመጣል። የመሃሉን ብሎን ከመፍታትህ በፊት ከብሎኑ ግራና ቀኝ በሞርሳ እሰረው። ፍሬዎቹ ጉብጠታቸው የተለያየ ስለሆነ በጉልበት ተጨምቀው ነው የተቀመጡት፤ ሳይታሰር ከተፈታ ዘሎ ፊት ይመታል። ዳዶውን ከፈታህ በኋላ ሞርሳውን ቀስ እያልክ በየተራ አላላው።

እያንዳንዱን ፍሬ በግራይንደር የሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ከዚያ ሆዱን ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። የታችኛው አጭር ፍሬ ጫፍ ላይኛውን የፈተገበት ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ታያለህ፣ ጠርዙ በጥፍር ይያዛል። ባሌስትራው ሊታጠፍ ሲል ጫፉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ትንሽ ድንጋይ ላይ «ጠብ» የሚል ግትር ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉድጓዱ ከ1 ሚሊ በታች ከሆነ ዳር ዳሩን አለስልሰው፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ጥቁር የፀጉር መስመር የመሰለ ስንጥቅ ካየህ ያ ፍሬ ይጣል። የአጫጭሮቹን ጫፍ ሹል ጠርዝ 3 ሚሊ ያህል አክብበው።

ከዚያ ግራፋይት ያለበት ቀለም በስሱ ቀብተህ አድርቀው። ግራሶ መቀባት የለመዱ አሉ፤ አስፋልት ብቻ ለሚሄድ መኪና ይሁን። በጋ ላይ የእኛ ቀይ አቧራ ግራሶው ላይ ሲጣበቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንና ብረቱን ይበላዋል። በየጫፉ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ማስገባት ከተቻለ እጅግ ጥሩ ነው፣ ግን እንዳይወጣ የሚይዘው ነገር ይኑረው።

አዲስ የመሃል ብሎን አድርግ። ፍሬዎቹን የሚያቅፉትን የጎን ቀለበቶች መልሳቸው፣ በመዶሻ አታጣብቃቸው፤ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ይኑራቸው። እነሱ ከጠፉ ባሌስትራው ሲነጥር ሸክሙ ሁሉ በላይኛው ባለ ጆሮ ፍሬ ላይ ይወድቃል፣ እሱም ይሰበራል።

ዓባይ_ማዶ
ጎሚኒውን እኔ ልጨምር፤ ለግማሹ ሕመም ምክንያቱ እሱ ሆኖ ሳለ ሰው አያየውም።

እኛ ጋ መኪና ታጥቦ ሲያልቅ ከሥር የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ በጥብጦ መርጨት የተለመደ ነው። ለብረቱ ዝገት ይከላከላል፣ ጎሚኒውን ግን ይገድለዋል። ዘይት የጠጣ ጎሚኒ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉዳል፣ ጠርዙም እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ያብጣል። ያኔ ፒኑ መሃል ላይ መቆሙ ይቀራል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ በየጉድጓዱ የሚሰማው ቋ የሚል ድምፅ እሱ ነው። እባካችሁ ይህን ልማድ እንተወው። የሚታጠበው ውኃ ዳር ሲሆን ደግሞ ያ ዘይት ሁሉ ጣና ይገባል። እምቦጩ ያንሰዋል?

በየጎኑ 6 ግማሽ ጎሚኒ ያስፈልጋል፤ 2 ለፊቱ ጆሮ፣ 2 ለኋላው ጆሮ፣ 2 ለሻክሉ የሻንሲ በኩል። የመጀመሪያው ዓይነት የላስቲክ ጎሚኒ ከፖሊዩሬታን ይለሰልሳል። ፖሊዩሬታን ዕድሜው ይረዝማል፣ ዘይትም አይጎዳውም፣ ግን ትንንሹን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከሱ ጋር የሚመጣው የራሱ ቅባት ካልተቀባም ይጮኻል። ለምቾት ከሆነ ላስቲክ፣ ለጭቃና ለጭነት ከሆነ ፖሊዩሬታን።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚስተው አንድ ነገር አለ። የላስቲክ ጎሚኒ ሲገባ ፒኑን በእጅ ብቻ አስገባው፣ ዳዶውን ገና አታጥብቅ። መኪናውን ከመቆሚያ አውርደህ በራሱ ጎማ ላይ አቁመው፣ ግፋ ግፋ አድርገህ አረጋጋው፣ ከዚያ አጥብቅ። አየር ላይ ሆኖ ከጠበቀ ጎሚኒው በተንጠለጠለበት ቦታ ይነከሳል፤ መኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ ተጠምዞ ይኖራል፣ ባሌስትራውንም እንደ ተጨማሪ ሞላ ይገትረዋል፣ በጥቂት ወርም ይቀደዳል። ፒኑ ራሱ በጥፍር የሚሰማ ደረጃ ከወጣበት ቶርኖ ቤት አስሞልቶ ማስተካከል አያዋጣም፣ አዲስ ይሁን።

ካሊብሮ
ሻክሉንም እዩት። መኪናው ቆሞ ሳለ የሻክሉ የታችኛው ጫፍ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት፣ ወደ 45 ዲግሪ ቢጠጋ ጥሩ። ባሌስትራ ሲጨመቅ ይረዝማል፤ የሚረዝምበትን ቦታ የሚሰጠው ሻክሉ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ ፊት ካዘነበለ መጀመሪያ መኪናውን ወደ ላይ መግፋት አለበት፣ ያ ነው ግትርነቱ። ከልክ በላይ የጎበጠ አዲስ ባሌስትራ የሚገዙ ሰዎች «አዲስ ሆኖ ከአሮጌው ባሰ» የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሾክ። ባሌስትራው ገብቶ መኪናው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ለካ፣ ምክንያቱም ይወርዳል። ባዶውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከላይኛው የሾክ ማሰሪያ መሃል እስከ ታችኛው መሃል ለካ። ለምሳሌ 480 ሚሊ መጣ እንበል። ከምት መቀበያው ጎማ እስከ አክስሉ ክፍተቱ 95 ሆነ። መቀበያው ጎማ ራሱ ሲመታ 25 ያህል ይጨመቃል። 480 ሲቀነስ 95 ሲቀነስ 25፣ 360 ይቀራል። እንግዲህ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ርዝመቱ ከ345 መብለጥ የለበትም፤ 15 ሚሊ መጠባበቂያ ነው። ከበለጠ አክስሉ መቀበያው ጋር ሳይደርስ ሾኩ ይነካል፤ ፒስተኑ ታች ይመታል፣ ማሰሪያው ከሻንሲው ይቀደዳል። ከዚያ ሻንሲውን አንስተህ ጎማው ሲንጠለጠል ለካ፤ ሾኩ ሲዘረጋ ከዚያ ቢያንስ 10 ሚሊ ይብለጥ። ሾክ የአክስል ማንጠልጠያ ገመድ አይደለም።

የቆየውን ሾክ ከመጣልህ በፊት ፈትነው። መኪናውን በእጅ ገፍቶ መፈተን ለዚህ ከባድ መኪና አይሠራም። ጠጠር ላይ 20 ደቂቃ ከነዳህ በኋላ አራቱን በጥንቃቄ በእጅ ጀርባ ንካቸው። የሚሠራ ሾክ ይሞቃል፣ የድንጋዩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣልና። ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱ ሞቷል። ዘንጉ ላይ እርጥብ ዘይት ካፈሰሰም ያው ነው፤ ቀጭን ላብ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።

አዲሱን ስትገዛ ለባዶ ወይም ለቀላል ጭነት የተባለውን ውሰድ። ጋዝ የሌለው ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ሱቅ ውስጥ ተኝቶ ስለቆየ አየር ሠርቶበታል፤ ከመግጠምህ በፊት እንደሚገጠመው ቀጥ አድርገህ ይዘህ 5 ጊዜ አስገባ አውጣ፣ ተገልብጦ እንዳይቆይ። የጎሚኒው ዳዶ የሚጠብቀው ጎሚኒው ከሮንዴላው ጠርዝ ጋር እስኪተካከል ነው፤ እስኪጨፈለቅ ከሆነ ሾኩ መወዛወዝ ያቅተውና ዘንጉ ይጎብጣል።

ባለ_ሃይሉክስ
ክሩን ሳልቆርጥ፣ የኔ ሃይሉክስ ፊቱ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ነው። ብሎኑን ወደ ላይ አጥብቀው ከፍ ካደረጉት በኋላ ፊቱ በጣም ደረቀ። ባሩ ጠነከረ ማለት ነው?

ካሊብሮ
አይደለም። ባሩ ያው ባር ነው፣ ብሎኑ ጥንካሬውን አይለውጠውም፣ መነሻ ቁመቱን ብቻ ነው የሚለውጠው። መኪናው ከፍ ሲል ክንዱ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የላይኛው ክንድ መውረዱን የሚገድበውን መቀበያ ይመታል፣ ደረቅ የመሰለህ ያ ምት ነው። ቦል ጆይንቱም በማይሠራበት ማዕዘን እየሠራ ያልቃል። ወደ መጀመሪያው ቁመት መልሰውና የጎማ አቅጣጫውን አስለካ።

ዓባይ_ማዶ
ባለ 75፣ አንድ ሳልረሳው። ኋላው አክስል ላይ ዘንግ የተያያዘለት የፍሬን ቫልቭ ካለህ፣ ቫልቩ የኋላውን ሸክም በቁመቱ ነው የሚያውቀው። ኋላው ሲወርድ ብዙ የጫነ ይመስለዋል፣ ለኋላ ጎማ ፍሬን ይጨምራል፤ ዝናብ ላይ ኋላው ቀድሞ ሊያስር ይችላል። ከፍ ያደረጉ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው የኋላ ፍሬን ያጣሉ። ዘንጉ ይስተካከል።

ባለ_75
ሁሉም ተሠራ፣ ጋሽ ሞርሳና ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ኋላው 28 ሚሊ ወረደ። ኮብልስቶኑ ላይ ልዩነቱ የቀንና የሌሊት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከ150 ኪሎ ሜትር በኋላ ከኋላ ቀኝ፣ ፍሬን ስይዝና ስለቅ አንድ ጊዜ ቋ ይላል።

ሞርሳ
ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ ብቻ ከሆነ አክስሉ ባሌስትራው ላይ እየተንሸራተተ ነው። አሁኑኑ አቁመው፣ ሳታየው ሩቅ አትሂድበት።

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ቀላል ነው፤ አዲስ ቀለምና ዝገት ከፍሬዎቹ መሃል ሲጨመቅ ውፍረቱ ይቀንሳል፣ ዩ ቦልቶቹም ይላላሉ። ለዚህ ነው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ቀጥሎም ከ500 በኋላ እንደገና የሚጠብቁት። መኪናው በጎማው ቆሞ አራቱን ዳዶ በመስቀል አቅጣጫ እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ በመለኪያ ቁልፍ ይሁን። ከዳዶው በላይ የሚተርፈው ጥርስ አራቱም ላይ እኩል መሆኑን እይ።

ሁለተኛው፣ የመሃሉ ብሎን ራስ የአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ አልገባም። ይህን ለማወቅ ከፊተኛው ፒን መሃል እስከ አክስሉ መሃል በግራም በቀኝም ለካ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ከበለጠ ቀኙን ዩ ቦልት ፈተህ አክስሉን በክሪክ ትንሽ አውርደው፣ የብሎኑ ራስ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ በዓይንህ እይ። ራሱ ከተጨፈለቀ ወይም ከተቆረጠ በጠንካራ ብሎን ተካው፤ ተራ የሱቅ ብሎን እዚያ ቦታ አይበቃም። ልኩን ለክተህ ቁጥሩን እዚህ ጻፈው።

ባለ_75
ግራ 612፣ ቀኝ 619። ቀኙ ተፈታ፤ የብሎኑ ራስ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ አንድ በኩሉ ተልጧል። አዲስ ብሎን ገብቶ አሁን ሁለቱም 612።